ጥቁሩ አፈር የደረሰበት

በዚያ ዘመን ሶዶ ውስጥ ወረፋ የሚጠበቅበት ቦታ ሁሉ አንድ ዳሞታ ነበረው። ተራራውን ማለቴ አይደለም፤ ተራራውማ እንደ ልማዱ ከከተማው ራስጌ ተቀምጧል። የምላችሁ ኤርካሎ የሳለውን ዳሞታ ነው። ቀበሌው ውስጥ አለ፣ ክሊኒኩ ውስጥ አለ፣ ሁለቱ ሆቴሎች ውስጥ አለ፣ ፀጉር ቤቱ ሳይቀር አለው። ከላይ ሰማያዊ፣ ከወገቡ አረንጓዴ፣ ከእግሩ ሥር ለምለም መስክ። ባለጉዳይ «ነገ ተመለስ» ሲባል ቢያንስ ዓይኑን የሚያሳርፍበት አያጣም ነበር።

ኤርካሎ መናኸሪያው አጠገብ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችው። የሱቅ ማስታወቂያ ይጽፋል፤ የገሱባንና የቦምቤን መኪኖች ግንባር ይጽፋል፤ ስሙን ያስጠራው ግን ዳሞታ ነው። የሥራው ምስጢር ምን መሰላችሁ? ማውጣት ነው። ጠዋት ደብተሩን ይዞ ይወጣና ያየውን ሁሉ በእርሳስ ይነድፋል፤ ሱቁ ሲመለስ ግን መልቀም ይጀምራል። የኤሌክትሪክ ምሰሶውን ያወጣል። ልብስ የተሰጣበትን አጥር ያወጣል። ጎርፍ የቦረቦረውን መሬት በአረንጓዴ ይደፍናል። ከሁሉም በላይ ቆርቆሮ ቤት አይወድም፤ «ቆርቆሮ ሥዕል ይገድላል» ይላል። ገዢው ሥዕሉን አይቶ «አገራችን እንዲህ ታምራለች እንዴ!» ሲል ኤርካሎ ደስ ይለዋል። አሳመርኩ እንጂ ዋሸሁ ብሎ አስቦ አያውቅም።

በ1998 ዓ.ም. አብሮ አደጉ ሚልክያስ ወደ ሱቁ መጣ። ሚልክያስ ያኔ አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ ወንበር አግኝቶ ክራባት ማሰር ጀምሯል። «ለእንግዳ መቀበያችን ትልቅ ዳሞታ እንፈልጋለን፤ ግድግዳውን ሙሉ የሚይዝ» አለው። ኤርካሎ እንደዚያ ያለ ትልቅ ሥራ አግኝቶ አያውቅምና ተራራውን ከነግርጌው የሚያሳየውን የተሻለ ቦታ መረጠ። ችግሩ፣ ከዚያ ቦታ ሲታይ በሥዕሉ ቀኝ ግርጌ ላይ የእናቱ ግቢ ይገባል። እናቱ እታፈራሁ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ብቻዋን የምትኖርበት፣ ቆርቆሮው ሁለት ቦታ የተለጠፈ ቤትና ከኋላው ያለው እንሰት።

የእናት ቤት ነውና ሁለት ቀን እጁ እምቢ አለው። በሦስተኛው ቀን አወጣው። ቤቱ ከወጣ በኋላ እንሰቱ ብቻውን ቆሞ አስጠላው፤ እሱንም አወጣ። ከጎን ካለው የመንደሩ መስክ አረንጓዴ አምጥቶ እስከ ሥዕሉ ጠርዝ ለቀለቀውና ሦስት ላሞች አሰማራበት። ከታች ስሙን በደማቅ ነጭ ጻፈ። ሥዕሉ ሲሰቀል ጭብጨባ ነበር፤ እሱም አብሮ አጨበጨበ።

ዓመት ሳይሞላ ሚልክያስ ሻይ ጋበዘው። ፊቱ በርቷል። «ሥዕልህ እኮ ኢንቨስተር አመጣልን!» አለው። አንድ ባለሀብት ሎጅ የሚሠራበት ቦታ ሊጠይቅ መጥቶ፣ እንግዳ መቀበያው ውስጥ ተራውን ሲጠብቅ ሥዕሉ ላይ ጣቱን አሳርፎ «ይሄ ባዶ መስክ የት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ወስደው ቦታውን አሳዩት፤ ወደደው።

«የቱን?» አለ ኤርካሎ።

«ራስህ የሳልከውን ነዋ! ላሞቹ ያሉበትን።»

ኤርካሎ ሻዩን አስቀመጠ። «ሚልክያስ፣ እዚያ እናቴ አለች።»

ሚልክያስ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ወንበሩን የሚወድ ሰው ነበር። «ታዲያ ምነው ያን ጊዜ ቤቱን አልሳልከው?» አለና ወዲያው ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ «አሁን ወረቀቱ ተፈርሟል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ታውቀዋለህ።»

እውነቱን ለመናገር ሥዕሉ ባይኖርም ሰውየው አንድ ቦታ ማግኘቱ አይቀርም ነበር፤ የሌላ ሰው እናት ትነሣ ነበር። ኤርካሎም ይህን ለራሱ ብዙ ጊዜ ነግሮታል። ግን የተነሣችው የሌላ ሰው እናት አይደለችም። ደብዳቤው ሲደርሳት እታፈራሁ ነጠላዋን አጥባ አቤት ለማለት ወደ ሚልክያስ መሥሪያ ቤት ሄደች። «አብረኸኝ ሂድ» ስትለው የመኪና ጽሑፍ አስቸኩሎኛል አላት። እናቱን ይዞ ሥዕሉ የተሰቀለበት ክፍል መግባት ሞት መስሎ ታየው። ተመላልሳ ተመላልሳ አንድ ቀን «አልሆነም» አለችና ሌላ ምንም ሳትጨምር ተቀመጠች። ኤርካሎም አልጠየቀም። የሥዕሉን ነገር እንዳላወቀች እርግጠኛ ነበር፤ እንዳታውቅም ማታ ማታ ይጸልይ ጀመር።

እዚህ ላይ የእታፈራሁን መሬት በቅጡ ማወቅ ያስፈልጋል። በወላይታ ከቤት ራቅ ያለው ማሳ ሾቃ ይባላል፤ አፈሩ ቀይ ነው፣ ከሲታ ነው። ቤቱን ከቦ እንሰት የሚበቅልበት ደግሞ ዳርኩዋ ነው፤ እሱ ጥቁር ነው። ጥቁር ሆኖ ግን አልተፈጠረም። ሴቶች ናቸው ያጠቆሩት። ጠዋት ጠዋት የከብቱን ፍግ፣ የምድጃውን አመድ፣ የቤቱን ጥራጊ በቅርጫት ተሸክመው እያወጡ፣ ዓመት በዓመት አንድ እርምጃ፣ ሲከፋ ግማሽ እርምጃ ጥቁሩን ወደ ቀዩ ይገፉታል። አንድ ቤተሰብ ምን ያህል እንደኖረና ሴቶቹ ምን ያህል እንደለፉ ለማወቅ ጥቁሩ የደረሰበትን ማየት ይበቃል። እታፈራሁ ሙሽራ ሆና ስትመጣ ጥቁሩ ከጓሮው አጥር አላለፈም ነበር። በአርባ ዓመት ውስጥ እስከ ወንዙ መውረጃ አድርሳዋለች።

ዶዘሩ የመጣው በ1999 በልግ ላይ ነው። ቤቱን ለመጣል አንድ ጊዜ መግፋት በቃው። ከዚያ ለመሠረት መሬቱን ገመሰው። ኤርካሎ ዳር ቆሞ ነበር። ከተቆረጠው መሬት ፊት ላይ ከላይ ወፍራም ጥቁር፣ ከሥሩ እስከ ታች ቀይ፣ በመካከላቸው ወጣ ገባ ያለ መስመር ታየ። ሌላ ምንም የለም፤ ተራራ የለም፣ ሰማይ የለም፣ ዛፍ የለም። በሕይወቱ ካያቸው ነገሮች ሁሉ እውነት የሆነው ያ ነበር። እናቱም አጠገቡ ቆማ ታይ ነበር። «ጥልቅ ነው» አለች ዝም ብላ፣ «ይህን ያህል ጥልቅ መሆኑን እኔም አላወቅሁም።»

በምትኩ ከከተማ ራቅ ያለ የሾቃ ቁራጭ አሳዩአት። ጎንበስ ብላ ቀዩን አፈር በጣቷ ፈተገችና «ለዚህ ሌላ አርባ ዓመት የለኝም» ብላ ተመለሰች። ኤርካሎ ቤት፣ ሲሚንቶ ወለል ላይ መኖር ጀመረች። ጠዋት ጠዋት ግን በልማዷ ትነሣለች፤ የምትሸከመው ስለሌላት ደጃፍ ትቀመጣለች።

ከዚያ በኋላ ኤርካሎን ዳሞታ እምቢ አለው። ትእዛዝ ይመጣል፣ ይጀምራል፣ ላሞቹ ላይ ሲደርስ እጁ ይቆማል። ላሞቹን አወጣቸው። ከዚያ መስኩን አወጣ። ድሮውንም ማውጣት ነበር ሙያው፤ አሁን ግን ማቆሚያ አጣ። ዛፉን፣ ደመናውን፣ በመጨረሻም የተራራውን ጫፍ አወጣና ከዳሞታ አንድ ሰማያዊ ሜዳና አንድ አረንጓዴ ሜዳ ብቻ ቀሩለት። እነሱንም ቀብቶ ሸፈናቸው። ትልቅ አቡጀዲ ወጥሮ ቀይ ብቻ ይቀባ ጀመር፤ አንዱን ቀይ በሌላ ቀይ ላይ፣ ሲደርቅ ሌላ ቀይ።

ከተማው አልማረውም። «ኤርካሎ ግድግዳ ይቀባል፣ ግድግዳው ግን የለም» እያሉ ቀለዱበት። ጸሎት ያስፈልገዋል ያሉም ነበሩ። ሚስቱ ሐመልማል መጀመሪያ ታገሠች፤ ጉሊት ስትሄድ ሹክሹክታው ሲበዛባት ግን አንድ ቀን በሩ ላይ ቆማ፣ «ተራራው ምን አደረገህ? ሰው የሚወደውን ሳልለትና እንኑር እንጂ!» አለችው።

«ተራራው ምንም አላደረገኝም» አላት። ከዚያ በላይ ለሷም አልነገራትም።

ቀዩ ልክ ሲሆን ጥቁሩን ጀመረ። እታፈራሁ ሱቁ ውስጥ ጥግ ላይ መቀመጥ የለመደችው ያን ሰሞን ነው። ስለ ሥዕል አንድም ቀን ተናግራ አታውቅም፤ ዳሞታዎቹን ሁሉ «ጥሩ ነው» ብላ ነበር የምታልፋቸው። ያን ዕለት ግን ጥቁሩን አይታ «ይሄ የከሰል ነው» አለች።

ኤርካሎ ዘወር አለ። ጥቁሩ ምን እንደሆነ አልነገራትም ነበር፤ መንገር አላስፈለገም። በማግስቱ ሌላ ቀላቅሎ ቀባ። «ይሄ የጫማ ቀለም ነው» አለች። በሦስተኛው «ይሄ የሞተ ነው፤ ምንም አይበቅልበትም» አለች። ከዚያ በኋላ ነገሩ የሁለቱ ሥራ ሆነ። «የኛ ጥቁር ውስጡ ቡኒ አለው» ትለዋለች በወላይትኛ፣ ዓይኗን ጨፍና፤ «ዝናብ ከጣለ በኋላ ደግሞ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ስታየው እርጥብ መሆን አለበት፤ በእጅህ ባትነካውም እጅህን የሚቀባህ።» እሱ ቡኒውን በስሱ ያነጥፋል፣ ሲደርቅ ሰማያዊ ጠብ ያደርግበታል፣ እንደገና ይሸፍነዋል። ሁለት ወር ፈጀባቸው። የሥዕል ትምህርት የተማረው ያን ጊዜ ነው ብል ከእውነት አልርቅም፤ አስተማሪዋ ፊደል ያልቆጠረች ሴት ነበረች።

መጨረሻ የቀረው ጥቁሩና ቀዩ የሚገናኙበት ነበር። ኤርካሎ ቀጥ ያለ መስመር አድርጎት ነበር። እታፈራሁ ተነሥታ መጣችና ራሷን ነቀነቀች። «ቀጥ አይልም። እኔ የምወስደው ጉልበቴ እስከቻለ ነው።» ጣቷን እርጥቡ ቀለም ላይ አድርጋ ትስበው ጀመር። «አንተን በወለድኩ ዓመት ወደ ኋላ ቀርቷል፤ እዚህ ጋ። አባትህ ሲሞት ቆመ፤ እዚህ። ከዚያ ደግሞ ተናደድኩና ገፋሁት።» የጣቷ ዱካ ከዳር እስከ ዳር ተጋድሞ ቀረ። ኤርካሎ አልነካውም። ስትጨርስ ወደ ኋላ ሄዳ ተቀመጠችና ረጅም ጊዜ አየችው።

«አዎ» አለች። «ይሄ ነው።»

ኤርካሎ ያን ሰዓት ሊነግራት አፉን ከፈተ። መሬትሽን በጣት ያስጠቆምኩት እኔ ነኝ ሊላት። ከዚያ የእናቱን ፊት አየ፤ ከመሬቷ ከተነሣች ወዲህ እንደዚያ ፈክቶ አያውቅም። ዘጋው። ሥዕሉ በኔ ፈንታ ይናገርልኛል፣ እዳዬንም ይከፍልልኛል አለ በልቡ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው፤ እሱ ግን ያን ዕለት ተስፋ አድርጎ ነበር።

ዓመቱ ሊለወጥ ነው፤ ሚሌኒየሙ። የመስከረም 2000 ጊፋታ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ እንደ ወትሮው ጊፋታ አይሆንም ተባለ። አዳራሽ ውስጥ የሥዕል ኤግዚቢሽን እንዲኖር አንድ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ጸሐፊው ሚልክያስ ሆነ። ሥዕል ሊመርጥ ወደ ኤርካሎ ሱቅ መጣና ትልቁ አቡጀዲ ፊት ቆመ። ጥቂት ግራ ከተጋባ በኋላ ፊቱ በራ።

«ዱንጉዛ!» አለ። «ዱንጉዛ ነው እኮ! ቀይ፣ ጥቁር… ቢጫውስ የታል?»

ዱንጉዛ የወላይታ የክብር ልብስ ነው፤ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር መስመር ያለው። ለበዓል ከተማው ሁሉ ይለብሰዋል። ቀይና ጥቁር ጎን ለጎን ያየ የሶዶ ሰው ቢጫውን መፈለጉ አይቀርም።

«ዱንጉዛ አይደለም» አለ ኤርካሎ። «አፈር ነው።»

«የማን አፈር?»

መልሱ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። ግን ሰውየው ወንበር አለው፣ ጆሮም አለው፤ በዚያ ጊዜ ደግሞ የልማት ነገር ላይ አጉል ቃል መወርወር የሚያስከትለውን ሁሉም ያውቀዋል። «የ… የወላይታ አፈር» አለ ኤርካሎ።

«እንግዲያው ይበልጥ ያምራል! ቢጫ ጨምርበት። ከላይ እንግዶች ይመጣሉ፤ አንዱን ቀለም ለምን አስቀረ፣ ምን ሊል ፈልጎ ነው የሚል ሰው አይጠፋም። እኔም ጣጣ ውስጥ እገባለሁ።»

«ካልጨመርኩስ?»

ሚልክያስ ትከሻውን ነቀነቀ። «ቦታው ባዶ አይቀርም። የመሥሪያ ቤታችንን ዳሞታ አውርደን እናመጣለን። እንዲያውም እሱን ሕዝቡ ይወደዋል።»

ኤርካሎ የሰማው ይህን ብቻ ነው። ያ ሥዕል አዳራሽ ውስጥ ሲሰቀል፣ እናቱ በበዓል ልብሷ መጥታ ፊቱ ስትቆም፣ ሦስቱን ላሞች ስትቆጥር ታየው። ቢጫው ይሻላል አለ። ሚልክያስ «መካከል ላይ ነው የሚገባው፣ እንደ ልብሱ» ብሎት ሄደ። ኤርካሎ የቢጫ ቀለም ቆርቆሮ ከፈተና አንድ መዳፍ የሚያህል ቢጫ ከዳር እስከ ዳር ጎተተ፤ በወለደችው ዓመት ላይ፣ አባቱ በሞተበት ላይ፣ ተናድዳ በገፋችው ላይ። ቀለሙ ሸፋኝ ነበር፤ አንድ ጊዜ መቀባት በቃው።

የጊፋታ ኤግዚቢሽን ቀን አዳራሹ ጢም አለ። ሥዕሉ መግቢያው ፊት ለፊት ተሰቅሎ ከሥሩ «ዱንጉዛችን» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበታል። ያበደው ኤርካሎ ተሻለው ተባለ። ጎረምሶች ዱንጉዛ ለብሰው ከፊቱ ፎቶ ተነሡ፣ ሽማግሌዎች ጨበጡት፣ ሐመልማል ከስንት ጊዜ በኋላ አንገቷን ቀና አድርጋ ሳቀች። «አየህ?» አለችው። «ሰው የሚገባውን ስትሠራ!»

እታፈራሁ ከሐመልማል ኋላ ቀስ ብላ ገባች። ሰዉ ለአሮጊት መንገድ ለቀቀላት። ሥዕሉ ፊት ቆማ ቢጫውን ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ተከተለችው። ኤርካሎ አጠገቧ መጥቶ ቆመ።

«ይሄ ምንድነው?» አለች።

«እነሱ ናቸው ያስጨመሩኝ።»

ራሷን በዝግታ ነቀነቀች። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም። «የፊተኛውስ?» አለች። «ቤቴን ያስወጡህም እነሱ ናቸው?»

«የቱን… ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ሦስት ቀን ሙሉ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ተራዬን ጠብቄያለሁ። በመጀመሪያው ቀን ቦታውን አወቅሁት። በሁለተኛው ቀን ቤቴን ስፈልግ ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን አጠገቤ የነበረን ሰው ከታች የተጻፈውን አንብብልኝ አልኩት፤ ስምህን አነበበልኝ።»

«እማዬ…»

«ቆይ፣ ልጨርስ። በሩ ተከፈተልኝ፣ ገባሁ። ኃላፊው፣ እማማ ቦታው ግጦሽ ነው፣ ቤቱን በቅርብ ነው የሠራሽው አለኝ። ይኸው እኛ ጋ እንኳን በሥዕል አለ፣ ባዶ ነው ብሎ በበሩ አሳየኝ። ይቀልድብኝ ይሁን ከልቡ ይሁን አላውቅም። አርባ ዓመት ኖሬበታለሁ፣ ልጄንም እዚያ ወልጃለሁ ልል ነበር። ከዚያ አሰብኩት። ሥዕሉ ውሸት ነው ካልኩ፣ ማን ዋሸ ሊሉኝ ነው?» ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። «ልጄ ውሸታም ነው ብዬ ሰው ፊት እንዴት ልቁም? ይሁን ብዬ ወጣሁ።»

ኤርካሎ ይቅር በይኝ ሊል ፈለገ፤ ቃሉ ለዚህ ነገር አነሰበት። እናቱ ደግሞ አንዴ ሥዕሉን አየች።

«ይሄኛውን ስንሠራ፣ ልጄ አሁን ማየት ጀመረ ብዬ ነበር» አለች። «እሱንም ሸጥከው።»

ዞር አለችና ሰዉን በክርኗ እየገፋች ወደ በሩ ሄደች። ኤርካሎ ሊከተላት አንድ እርምጃ እንደተራመደ ሚልክያስ ከበላይ የመጡትን እንግዳ ይዞ ከፊቱ ደረሰ። «ይኸውላችሁ የዱንጉዛው ሠዓሊ!» አለ በደስታ። እንግዳው ፈገግ ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ኤርካሎ በእንግዳው ትከሻ ላይ አሻግሮ የእናቱን ነጠላ አየ፤ ከበሩ ወጥቶ ወደ ግራ ታጠፈ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጣቸው።